የጣቢታ ልብሶች

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 በኢዮጴ ከተማ ስለ ሞተችው ስለ ጣቢታ ተጽፎ እናነባለን። ቅዱስ ጴጥሮስ ተጠርቶ በደረሰ ጊዜ መበለቶቹ በዙሪያው ቆመው አለቀሱ፤ ባዶ እጃቸውን ግን አልነበሩም፤ ጣቢታ በሕይወት ሳለች የሠራቻቸውን ልብሶች ያሳዩት ነበር። ይህን ምንባብ ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ምጽዋት ነው፤ መልካምም ነው። የመበለቶቹን ተግባር ልብ ያልነው ግን ጥቂቶች ነን። እነርሱ የአንዲትን ሴት ድካም ከነማስረጃው ለሐዋርያው ያቀረቡ ምስክሮች ናቸው።

ይህን እንድናስብ ያደረገን የራሳችን ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት በምናገለግልበት ቁምስና የቤተ ክርስቲያኑ የምሥረታ በዓል ሲከበር አጭር የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። የመሠረቱን ድንጋይ የባረኩትን ጳጳስ፥ በየተራ ያገለገሉትን ቆሞሳት፥ ገንዘብ የረዱትን፥ ድንጋይ የጠረቡትን ሁሉ በዝርዝር ጻፍን። በበዓሉ ዕለት ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቀርበው መስቀል ተሳለሙና፥ «አባ፥ ውሃውን ማን አመጣው ይላል?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ጭቃው የተቦካበት ውሃ ከወንዝ በእንሥራ የመጣው በሴቶች ጀርባ ነው፤ ጭዱን የተሸከሙት፥ ለሠራተኛው ጠላ የጠመቁት፥ ንፍሮ የቀቀሉት፥ እንጀራ የጋገሩት እነርሱ ናቸው። እናታችን የጠየቁን ሳይቆጡ፥ እንደ ጨዋታ አድርገው ነበር፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረን።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ጌታችን ምጽዋታችን በስውር እንዲሆን አስተምሮ የለምን? እናቶቻችን በስውር ከደከሙ ዋጋቸው በሰማይ ነውና፥ በወረቀት መጻፉ ምን ይጨምርላቸዋል? ይህ አነጋገር መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። መሰወር የሰጪው ትሕትና ነው፤ የተቀባዩ ግዴታ አይደለም። የሰጠ ሰው ስጦታውን ቢሰውር ይመሰገናል፤ የተቀበለ ሰው ቢሰውረው ግን ውለታ ቢስ ይባላል። ጣቢታ ልብሶቹን ራሷ ዘርግታ ብታሳይ ከንቱ ውዳሴ በሆነባት ነበር፤ መበለቶቹ ባያሳዩ ደግሞ ክህደት በሆነባቸው ነበር። ደግሞስ (ይህን ስንል ራሳችንንም ጨምረን ነው) ስለ ስውር ምጽዋት የምናስታውሰው የሴቶቹ ተራ ሲደርስ ብቻ አይደለምን? የገንዘብ ረጂዎቹን ስም በእብነ በረድ ላይ ስናስቀርጽ ማንም ይህን ጥቅስ አላነሣብንም።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት መጨረሻ ላይ ፌቤንንና ጵርስቅላን ከነሥራቸው ያነሣቸዋል። የሩፎንን እናት ለራሱም እናት እንደሆነች ይመሰክርላታል፤ ስሟን ግን አልጻፈውም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1995 ለሴቶች በጻፉት ደብዳቤ፥ የታሪክ ጥናት ከሴቶች ሥራ ሊመዘግብ የቻለው እጅግ ጥቂቱን ብቻ መሆኑን በሐዘን ገልጸዋል።

ከዚህ የሚከብድም ጥያቄ አለ። ፈልገን ያገኘነው ታሪክ እኛኑ የሚወቅስ ቢሆንስ? በሀገራችን የአንዲት ሴት ሕይወት በሰፊው ከተጻፈባቸው ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ተወልዳ በ1642 ያረፈች፥ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በቅድስና የምታከብራት እናት ናት (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤቷ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ነበረ። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት፤ ትዳሯን ትታ መነኮሰች፤ ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉ ጊዜም አልቀበልም ብላ ጸናች፤ ስለዚህም ወደ ዠበይ ተግዛ ሦስት ዓመት በግዞት ኖረች። ንጉሡ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። እርሷ በሕይወት ዘመኗ ሰባት ማኅበራትን መሠረተች፤ ስታርፍም የረጅም ዘመን ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ በእግሯ ተተካች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1672፥ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የሚያውቋትን እየጠየቀ ታሪኳን በግእዝ ጻፈ። ስለ ጸሎቷ ብቻ ሳይሆን ስለ ወፍጮዋና ስለ ውሃ መቅዳቷም ጽፏል፤ ለእኛ በድንግዝግዝ ካለው ዘመን የመጣ ብርሃን ነው።

ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ካቶሊክ ግን ይቸገራል፤ ስለ ሚስዮናውያኑ የሚናገረው መራራ ነውና። ታዲያ እንዝለለው? አንዳንድ ወንድሞች የቆየ ቁስል መነካካት አንድነትን ይጎዳል ይላሉ። እኛ እንዲህ አይመስለንም። በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው ሰነድ ማንም ሰው እንዲያምን ሊገደድ እንደማይገባ አስተምሯል። ጉባኤው የከለከለው ነገር በዚህች ሴት ሥጋ ላይ ተፈጽሟል። እርሷ ያለችውን ሁሉ መቀበል አይጠበቅብንም፤ መስማት ግን ይገባናል፤ የሚያመሰግነንን ምስክር ብቻ የምንጠራ ከሆነ የምንፈልገው እውነትን ሳይሆን ጠበቃን ነው።

ለካቴኪስቶቻችን በተለይ የምንለው አለ። የቤተ ክርስቲያን ሕግ በጥምቀት መዝገብ የአባትም የእናትም ስም እንዲጻፍ ያዛል፤ ብዙ እናቶች በጽሑፍ የሚገኙት እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ ጀምሩ። ከዚያም ወደ አረጋውያን እናቶች ሂዱ፤ ስለ ማግ መፍተሉ፥ ስለ ገበያው መንገድ፥ ስለ አራስ ጥሪው፥ ማን ማንን ጸሎት እንዳስተማረ ጠይቁ። ወረቀቱን ቶሎ አታውጡ፤ ቡናው ይፈላ። የነገሯችሁ ሁሉ የሚጻፍ አይደለም፤ የቤት ገመናና የሰው ኃጢአት የተሰጣችሁ በአደራ እንጂ ለንባብ አይደለም። የጻፋችሁትንም መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ ይህ ሰርዝ ካሉ ይሰረዝ።

እኛም ጥፋታችንን ለማረም ስንነሣ ውሃ ከቀዱት መካከል በሕይወት ያገኘናቸው ሦስት እናቶችን ብቻ ነበር። ሁለቱ የሌሎቹን ስም፥ ወንዙን፥ ዳገቱን፥ አንዲቱ ነፍሰ ጡር ሆና እስከ መውለጃዋ መሸከሟን ነገሩን። ሦስተኛዋ ግን፥ «እኔን ይተዉኝ አባ፤ እኅቴን ይጻፉልኝ፤ እርሷ ሞታለች» አሉን። በጽሑፉ ላይ ባስገባነው ተጨማሪ ገጽ የእኅታቸው ስም አለ፤ የእርሳቸው የለም።