የበረዶ ነብር እንዲኖር በጉን የሚከፍለው ማን ነው?

የበረዶ ነብር የሚባለውን አውሬ በሥዕል ካልሆነ በቀር አይተነው አናውቅም። አገሩ የእስያ ተራሮች ናቸው፤ ከአፍጋኒስታን ጀምሮ ሂማላያን ይዞ እስከ ሞንጎሊያና እስከ ደቡብ ሩስያ ድረስ በ12 አገሮች ይገኛል። በሂማላያ ብዙውን ጊዜ የሚውለው ከ3000 ሜትር በላይ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ገደላ ገደል ነው።

እንዲህ ባለ ስፍራ መኖር መቻሉ ያስደንቃል። አመድማ ጠጉሩ ከድንጋዩ ጋር ስለሚመሳሰል ዐይን ያታልላል። መዳፉ ሰፊና ከሥሩ ጠጉር የለበሰ በመሆኑ በረዶው በቀላሉ አያሰጥመውም። ጅራቱ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሲዘል ሚዛኑን ይጠብቅበታል፣ ሲተኛ ደግሞ እንደ ጋቢ ይከናነበዋል። ምግቡ በይበልጥ የዱር በግና የዱር ፍየል ነው። (ነብር ቢባልም እንደ አንበሳ ማግሳት አይችልም።)

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ሁሉ ያነሣነው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ይህን አውሬ የገደለ እረኛ በደለኛ ነውን? ብለን ልንጠይቅ ነው።

በሰሜን ሕንድ በላዳክ ብዙ እረኞች በጎቻቸውን ሌሊት የሚያጉሩት በድንጋይ ካብ በታጠረ፣ ጣሪያ በሌለው በረት ነበር። ነብሩ በሜዳ ሲያድን አንዱን ይይዛል፣ ሌሎቹ ያመልጣሉ። በረት ውስጥ ግን ማምለጫ የለም። በጎቹ ሲራወጡ እርሱም እየደጋገመ ይይዛል፤ በአንድ ሌሊት ዐሥርም ከዐሥር በላይም ሊፈጅ ይችላል። ይህን ክፋት ልንለው አንችልም፤ ክፋት ማወቅን ይጠይቃልና። ነገር ግን ከብት ባለበት ቤት ያደግን ሁሉ፣ ያ እረኛ ሲነጋ በረቱ ደጃፍ ቆሞ ምን እንደሚሰማው ለመረዳት አያዳግተንም።

ትራፊክ የተባለው የዱር አራዊትን ንግድ የሚከታተል ድርጅት በ2016 ባወጣው ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከ2008 ወዲህ በየዓመቱ ከ221 እስከ 450 የሚደርሱ የበረዶ ነብሮች ሳይገደሉ እንዳልቀረ ገምቷል። ከግማሽ የሚበልጡት የተገደሉት ስለ ከብት በቀል ነው። በመላው ሕንድ እስከ 2023 በተካሄደው ጥናት የተገመቱት 718 ብቻ መሆናቸውን ስናስብ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ለቆዳውና ለአጥንቱ የሚያድኑትም አሉ፤ መንገድና የማዕድን ቁፋሮ፣ የአየሩም መሞቅ ስፍራውን ያጠቡበታል።

ከእኛ መካከል «ሰው ከአውሬ ይበልጣል፤ ይግደለው» ያሉ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ «ሕግ ይከልክለው» አሉ። ሕጉ እኮ አለ፤ ሕንድ ይህን አውሬ መግደል በሕግ ከልክላለች። ነገር ግን ሕግ የሞተ በግ አይተካም። በሩቅ ከተማ ተቀምጦ «አትግደል» የሚል ሰው ከኪሱ ምንም አይወጣም፤ እረኛው ግን የዓመት ኑሮውን ያጣል። ደግሞም የከተማው ሰው ከነገሩ ንጹሕ አይደለም። ካሽሚር የሚባለው ለስላሳ ሹራብ የሚሠራው ከፍየል ጠጉር ነው፤ ገበያው በሰፋ ቁጥር በሞንጎሊያ ፍየሉ በዝቶ የዱሩን በግ ሣር ይሻማል። የዱሩ በግ ሲያልቅ ነብሩ ወደ በረት ይመጣል። እንግዲህ ዕዳው የማን ነው? እንስሳውን የሚወድ ሁሉ ከኪሳራው ድርሻውን መውሰድ አለበት ባዮች ነን።

ይህም የማይሆን ነገር አይደለም። በፓኪስታን በባልቲስታን ከ1999 ጀምሮ እረኞች ለከብቶቻቸው መድን ይገባሉ፤ ከፊሉን ገንዘብ ራሳቸው ያዋጣሉ፣ የቀረው ከተራራ ጎብኚዎች ከሚገኝ ገቢ እንዲሟላ ተደርጓል። በላዳክ በብዙ በረቶች ላይ የሽቦ መረብ ጣሪያ ተዘርግቷል። ነገሩ ሲታይ ከሽቦና ከእንጨት የማያልፍ ነው።

በጣም ያከራከረን ግን የሞንጎሊያው ነው። በዚያ ከ1998 ወዲህ የእረኞች ሚስቶች ከሱፍ የእጅ ሥራ እየሠሩ ይሸጣሉ፤ በአካባቢያቸው ነብር ሳይገደል ዓመቱ ካለፈ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛሉ፣ አንድ ሰው ከገደለ ግን የሁሉም ጭማሪ ይቀራል። ገሚሶቻችን ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠብቅ ያደርጋል ብለን ደገፍነው። የቀረነው ደግሞ አንዲት ሴት ክረምቱን ሙሉ ስትፈትል ከርማ፣ በማታውቀው ጠመንጃ ምክንያት ለምን ትቀጣለች? እንላለን።