ምድር ሁሉ መስገጃችን ናት



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ደሴት ላውጋችሁ። ሚሳሊ ትባላለች። የምትገኘው በዛንዚባር፣ ከፔምባ ደሴት በስተምዕራብ ነው። ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የፔምባ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹም በሚሳሊ ዙሪያ ካለው ባሕር ነው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት።

ስለ ስሟ የአካባቢው ሰዎች እንዲህ ይተርካሉ። ኸድር (ዐ.ሰ) ወደ ደሴቲቱ መጡና ዓሣ አጥማጆቹን መስገጃ ጠየቁ። "የለንም" አሏቸው። እርሳቸውም ደሴቲቱ ራሷ ወደ ቂብላ ያቀናች ስለሆነች እንደ መስገጃ እንደምትሆናቸው ነገሯቸው። ሚሳሊ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው ይባላል። ይህ የሕዝብ ተረክ እንጂ ሐዲስ አይደለም፤ እምነታችንን አንመሠርትበትም። ሐሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምድር መስገጃና ጦሃራ ማድረጊያ ተደርጋ እንደተሰጠቻቸው በሶሒሕ ሐዲስ ነግረውናል።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። መስገጃችንን በጫማ አንረግጥም፤ ቆሻሻ አንጥልበትም። ምድር ሁሉ መስገጃ ከሆነች ምን እያደረግንባት ነው?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ረሕማን ከባሕር ከሚወጡ ጸጋዎቹ መካከል መርጃንን ጠቅሷል፤ ብዙዎች ኮራል ብለው ይተረጉሙታል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥቃቅን ሕያው ፍጥረታት በብዙ ዓመት የሚገነቡት ቤት ነው። በዓለም ላይ ኮራል የሚሸፍነው ከባሕር ወለል 1 በመቶ የማይሞላውን ቢሆንም ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ በእርሱ ተጠግተው ይኖራሉ። የሚሳሊ ባሕር በዚህ ጸጋ የታደለ ነው። በአሸዋዋ ላይም የባሕር ኤሊዎች እንቁላላቸውን ይቀብራሉ።

ይህን ጸጋ አደጋ ላይ የጣለው ምን ነበር? አንዱ ድማሚት ነው። አንዳንድ ዓሣ አጥማጆች ፈንጂ ወደ ባሕር ይወረውሩ ነበር። ፈንጂው ትልቁንም ትንሹንም፣ እንቁላሉንም አብሮ ይጨርሳል። ከሞተው ዓሣ ብዙው ወደ ታች ሰጥሞ ማንንም ሳይጠቅም ይቀራል። የተሰባበረው ኮራል እንደገና ለማገገም አሥርት ዓመታት ያስፈልጉታል። ሰውየው የዛሬ እራቱን ሲያገኝ የልጁን ምሳ ያጠፋል ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ሶላት የማያውቁ አልነበሩም። ጁሙዓ ይሰግዳሉ፤ ረመዷንን ይጾማሉ። ሕግም ነበር። ነገር ግን ድህነት ነበረ፤ ሕጉም ከሩቅ የመጣ የባለሥልጣንና የፈረንጅ ጉዳይ መስሎ ይታያቸው ነበር። በሌሊት ባሕር ላይ የሚቆም ጠባቂ ደግሞ የለም።

ሚሳሊ በ1998 እ.ኤ.አ. ጥብቅ ስፍራ ተባለች፤ ከዙሪያዋ ባሕርም የተወሰነው ክፍል ከዓሣ ማጥመድ ተከለከለ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝ አገር የሚኖሩት ሙስሊሙ ምሁር ፋዝሉን ኻሊድ ወደ ዛንዚባር ሄደው ከቁርኣን የተነሣ ሥልጠና ሰጡ። የተነገራቸው አዲስ ዲን አልነበረም። ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ እንደሆነ፣ ፍጥረት አማና እንደሆነ፣ አላህ ሁሉን በሚዛን እንደፈጠረ ነው። ሱረቱል አንዓም እንስሳትና አእዋፍ እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ያስተምራል። ሱረቱ ሩም በየብስና በባሕር የሚታየው ብልሽት ከሰው እጅ ሥራ እንደመጣ ያስጠነቅቃል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን ከልክለዋል።

ይህን ሲሰሙ ብዙ ዓሣ አጥማጆች ልባቸው ተነካ። መንግሥትን ማምለጥ ይቻላል፤ አላህን ግን ወዴት ይሸሹታል?

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍን ስታነቡ አንድ ነገር አስተውሉ። ኸድር (ዐ.ሰ) በባሕር ላይ የሚሠሩ የድሆችን ጀልባ ቀደዱ። ለሙሳ (ዐ.ሰ) ጥፋት መስሎ ታያቸው። በኋላ ግን ጀልባ የሚቀማ ንጉሥ እንዳለና ቀዳዳው ጀልባዋን እንዳዳናት ተገለጸ። ዓሣ የማይጠመድበት ክልልም እንዲሁ ነው። ለድሃው መጀመሪያ ቀዳዳ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያ ዓሣው ያድጋል፣ ይራባል፣ ተርፎም ወደ ውጭ ይወጣል። ዛሬ የሚጎዳ የሚመስለው ክልከላ የነገውን ሪዝቅ ይጠብቃል።

ይህ ማለት ችግሩ ሁሉ አበቃ ማለት አይደለም። በዚያው በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ከመጠን በላይ ሞቆ ነበር፤ የሚሳሊም ኮራል በሙቀቱ ነጥቶ ተጎዳ። ዓለምን የሚያሞቀው ጭስ በአብዛኛው ከፔምባ ዓሣ አጥማጅ ጓዳ አልወጣም። በሩቅ የሚኖረው ሁሉ የአማናው ተጠያቂ ነው።

ተስፋም አትቁረጡ። በዓለም ላይ በፔምባ ብቻ የሚኖር፣ ፍራፍሬ የሚበላ ትልቅ የሌሊት ወፍ አለ። ዘር እየበተነ ደኑን ያድሳል። ደኑ ተመንጥሮበት፣ እርሱም ለሥጋው ታድኖ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የመንደሩ ሰዎች ማኅበር መሥርተው ማደሪያ ዛፎቹን መጠበቅ ጀመሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ሲቆጠር ከ20 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ አልሐምዱሊላህ! የሰው እጅ ያበላሸውን በአላህ ፈቃድ የሰው እጅ ማስተካከል ይችላል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እኛ ባሕር የለንም አትበሉ። ከመስጂድ ስትወጡ ወንዝ ውስጥ የምትጥሉት ፌስታል አለ። ዉዱእ ስታደርጉ ያለገደብ የምትለቁት ቧንቧ አለ። በድንጋይ የምትመቱት ውሻ አለ። አንዲት ሴት ድመት አስርባ በመግደሏ እንደተቀጣች፣ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ደግሞ ምሕረት እንዳገኘ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ቂያማ እየቆመ እንኳ በእጃችሁ ችግኝ ካለ እንድትተክሉት አዘዋል። ሙስሊም ከተከለው ሰውም፣ ወፍም፣ እንስሳም ቢበላ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ያዙ። አንድ ችግኝ ትከሉ፤ ወይም ከጀመዓችሁ ጋር የመስጂዳችሁን አካባቢ አጽዱ፤ ወይም ኢማማችሁን በዚህ ጉዳይ ኹጥባ እንዲያደርጉ በአደብ ጠይቁ። ሱጁድ ስትወርዱም ግንባራችሁ ያረፈባት ምድር የማን እንደሆነች አስታውሱ።

አላህ ሆይ! የሰጠኸንን አማና የምንጠብቅ አድርገን። በየብስም በባሕርም በእጃችን ያበላሸነውን ይቅር በለን፤ የምናስተካክልበትንም ተውፊቅ ስጠን። የድሆችን ሪዝቅ በረካ አድርግላቸው። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ! በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማውረድን አትርሱ።