ምስክር ወይስ ዋስ?

በኮምፒውተር ጥበብ የሠለጠነ ሰው ለባልንጀራው «ይህን መሣሪያ ጫነው፣ ይጠቅምሃል» ብሎ ሲነግረው፣ ነገሩ እንደ ዘወትር ጨዋታ ተቆጥሮ የሚታለፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰሚው በዓይኑ በማያየውና መርምሮ ሊደርስበት በማይችለው ነገር፣ በተናጋሪው ዕውቀትና ቅንነት ብቻ ተማምኖ፣ ደብዳቤውን፣ የባንክ ምስጢሩንና የልጆቹን ፎቶግራፍ አሳልፎ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ቃሉ በኅሊና ሚዛን ሲመዘን የምስክርነት ክብደት አለው። በሐሰት መመስከርን የከለከለው ሕገ ኦሪት በሸንጎ ቆሞ ባልንጀራውን ለሚከስ ሰው ብቻ ተሰጠ ብለን ካላጠበብነው በቀር፣ የማያውቀውን ሶፍትዌር በድፍረት የሚያመሰግነውንም ሰው ሳይመለከተው አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

በእኛ ዘንድ የተለመደውን ነገር እንመልከት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሥርዓት ከገባ ወዲህ ጽሑፋችን ከስልክ ወደ ስልክ ሳይበላሽ የሚተላለፍበት መንገድ ተከፍቷል፤ በየቤቱም ለእናቱ፣ ለአክስቱ፣ ለንስሐ አባቱ ሳይቀር የአማርኛ ኪቦርድ የሚጭን፣ ቴክኖሎጂ የሚወድ አንድ ወጣት አይጠፋም። አንድሮይድ ስልክ ደግሞ አብሮት ያልተሠራ ኪቦርድ ሲከፈትበት፣ ይህ ኪቦርድ የሚጻፈውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃልንና የባንክ ካርድ ቁጥርን ጭምር፣ ሊሰበስብ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አክስት መነጽራቸውን አስተካክለው «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው የሚለው?» ሲሉ፣ ወጣቱ «ምንም የለውም እትዬ፣ እሺ ይበሉት» ይላል። ስልኩ ለቅኑም ለጠማማውም ኪቦርድ ያንኑ አንድ ቃል የሚናገር ስለ ሆነ፣ ቅኑን ከጠማማው የመለየቱ ሸክም በዚያች ቅጽበት በወጣቱ ትከሻ ላይ ወድቋል፤ የእትዬም እሺታ የተሰጠው ለእርሱ ነው።

ታዲያ መስካሪ ከመናገሩ በፊት ምን ያህል ሊያውቅ ይገባዋል? ያላየሁትን አልመሰክርም ማለት መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን በዚህ ጥበብ ሁሉን አይቶ የሚመሰክር ሰው ከቶ አይገኝም። የሶፍትዌር ባለሙያው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ ባወጀ ጊዜ የጠየቀው፣ የሶፍትዌር ምንጭ ኮድ ለተጠቃሚው ሁሉ የተገለጠ እንዲሆን ነበር፤ ይህም ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን የተገለጠ ሁሉ ተነበበ ማለት አይደለም። ኤክስዜድ የተባለው ፋይል መጭመቂያ በሊነክስ በሚሠሩ እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው፣ ሁለት ዓመት ያህል በትዕግሥት ጠቃሚ ሥራ እየሠራ አመኔታን ካተረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በመሞከሪያ ፋይሎች መካከል ሸሽጎ ሥውር በር አስገባበት። ይህን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ሲሆን፣ መነሻ የሆነውም ወደ ኮምፒውተሩ ከሩቅ ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን ታዝቦ፣ ሌላው ንቆ የሚተወውን ያን መዘግየት ንቆ አለመተዉ ነው። እኔ ይህን ሰው ባሰብኩት ቁጥር የሚያስደንቀኝ ሊቅነቱ አይደለም፤ ንቁነቱ ነው።

ከዚህም የሚብሰው ሌላው ችግር ዘመን ነው። መጽሐፍን ያመሰገነ ሰው፣ የታተመው መጽሐፍ በሌሊት ተነሥቶ ሌላ መጽሐፍ አይሆንበትም፤ ሶፍትዌር ግን ራሱን በራሱ እያደሰ የሚኖር ነው። ሲክሊነር የተባለው የኮምፒውተር ማጽጃ ለብዙ ዓመታት አዋቂዎች ለወዳጆቻቸው ሲመክሩት የኖረ መሣሪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በነሐሴና በመስከረም መካከል፣ ከራሱ ከባለቤቱ ዘንድ፣ በባለቤቱ ማኅተም ታትሞ የወጣው 5.33 የተባለው እትም የጠላትን ኮድ ተሸክሞ ከሁለት ሚሊዮን በላይ በሚሆኑ ኮምፒውተሮች ገባ። ቀድሞ የመሰከሩት ሰዎች አልዋሹም፤ ያዩት እውነት ነበረ። ይሁን እንጂ ምስክር የሚናገረው ስለ ሆነው ነገር ሲሆን፣ ስለሚሆነው ነገር ራሱን የሚያስይዘው ዋስ ነው፤ እነዚህም ሰዎች ምስክር የሆኑ መስሏቸው ሳያውቁት ዋስ ሆነው ተገኙ። በአገራችን ሥርዓት ዋስ የተጠራለት ሰው ቢጠፋ ዕዳው በዋሱ ላይ እንደሚወድቅ ማንም ያውቃል።

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌው ለሌላ ሰው ዋስ መሆንን አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ ዝም ማለት ይሻላልን? አይመስለኝም። የሚያውቅ ዝም ሲል የማያውቀው ወንድሙ መሣሪያ ከመሻት አያርፍም፤ ወደ ማስታወቂያ ይሄዳል፣ ወይም በእያንዳንዱ ምክር ዋጋ ተከፍሎት ይህንኑ ሳይገልጽ ወደሚያወድስ ሰው ይሄዳል፤ ይህ የኋለኛው በእኔ ዘንድ መማለጃ ከተቀበለ ምስክር የሚለይበት ነገር የለም። ፍቅረ ቢጽ ያለው ሰው ይናገራል፣ የዋስነቱንም ዕዳ ይከፍላል፤ የሚከፍለውም በገንዘብ ሳይሆን በመመለስ ነው። ለአክስቱ ኪቦርድ የጫነ ወጣት፣ የኪቦርዱ ባለቤትነት ወደ ሌላ እጅ መተላለፉን ወይም መሣሪያው መክፋቱን በሰማ ጊዜ፣ «እትዬ፣ ያን ጊዜ ያልኩዎት ዛሬ አይሠራም፣ እንቀይረው» ብሎ ደርሶ መንገር ይገባዋል።

ይህ ግን የሚቻለው ሰሚዎቹን በስምና በደጃፍ ለሚያውቅ ሰው ነው። ለሺህ ለማይታወቁ ሰዎች የሚናገር ሰው ከየደጃፋቸው ሊመለስ አይችልምና፣ ሊከፍለው የማይችለውን ዋስነት ባይገባበት፣ በምስክርነቱም ወሰን ቢጸና የተሻለ ይሆናል፤ ይህም ማለት የተጠቀመበትን እትም ቁጥር፣ የተናገረበትን ቀን፣ ለምን ሥራ እንደ ተጠቀመበት፣ ኮዱን ራሱ ያላነበበ እንደ ሆነም አለማንበቡን ጭምር ጽፎ መተው ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ምክሩ ስለ የትኛው ዘመን እንደ ተነገረ አውቆ፣ የቀረውን ራሱ ይመርምር ዘንድ።