ግመሏን ማሰር ከተወኩል ነው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አጀል በአላህ እጅ መሆኑን የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። ይሁን እንጂ ይህን እምነት የዝንጋታችን መሸሸጊያ ስናደርገው ይታያል። አደጋ በደረሰ ቁጥር «ቀደር ነው» ብለን፣ ከእኛ ምን እንደጎደለ ሳንጠይቅ እናልፋለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ ነው ያዘዙት።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1980 ሪያድ ላይ የሆነውን እናስታውስ። ከካራቺ መጥቶ በሪያድ በኩል ወደ ጂዳ ይጓዝ የነበረው የሳዑዲ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 163 አውሮፕላን ከሪያድ እንደተነሳ ከዕቃ ክፍሉ እሳት ተነሳበት። አብራሪው ተመልሶ በሰላም አረፈ። አውሮፕላኑ አልተከሰከሰም። ነገር ግን ማኮብኮቢያው ላይ ወዲያው በመቆም ፈንታ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ እየተንከባለለ ሄደ። ከቆመም በኋላ ሞተሮቹ ከ3 ደቂቃ በላይ ሳይጠፉ ቆዩ። ከውጭ በር የተከፈተው ሞተሮቹ ከጠፉ ከ23 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነበር። በውስጡ የነበሩት 301 ሰዎች በሙሉ መሬት ላይ እንደቆሙ አለቁ። አላህ ይዘንላቸው።

እሳት በተነሳበት አውሮፕላን ውስጥ ነበልባሉ ሳይደርስ ጭሱ ይገድላል። አዲስ ዓይነት የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ ሲሰጠው፣ ከበሮቹ ግማሾቹ ብቻ ተከፍተው ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል በሙከራ እንዲረጋገጥ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሀኔዳ አውሮፕላን ጣቢያ አንድ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ተቃጠለ። በትንሹ አውሮፕላን ውስጥ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ግን ሁሉም ወጡ። ከስምንቱ በሮች ያገለገሉት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያው ስለተበላሸ አስተናጋጆቹ በእጅ ድምፅ ማጉያና በጩኸት መሩ፤ መንገደኛውም ሻንጣውን ትቶ ታዘዘ።

ወገኖቼ፣ በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ደቂቃ ነው። ደቂቃ ደግሞ አማና ነው። መሪ የሆነ ሰው «ውጡ» የሚለውን ትእዛዝ በጊዜው ያለመስጠቱ፣ ተመሪም ትእዛዙን ያለመስማቱ የሰው ነፍስ ያስከፍላል።

ለሐጅ፣ ለዑምራ ወይም ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የምንበር ሁሉ ይህ ይመለከተናል። አስተናጋጇ የበሮቹን አቅጣጫ ስታሳይ ወሬ አንያዝ፤ ከመቀመጫችን እስከ በሩ ያለውን ረድፍ እንቁጠር፤ ከኋላችንም በር እንዳለ እንይ። «ውጡ» ከተባልን ደግሞ ሻንጣው፣ የዘምዘሙ ውኃ፣ ለቤተሰብ የተገዛው ስጦታ ሁሉ እዚያው ይቅር። አንተ ከላይ ዕቃ ስታወርድ ከኋላህ የቆመችው እናት የምትተነፍሰው ጭስ ነው። የእሷን ነፍስ በከረጢት ለውጠህ አላህ ፊት ምን ትላለህ? አንዲት ነፍስ ያዳነ ሰውን ሁሉ እንዳዳነ መሆኑን ሃይማኖታችን አስተምሮናል።

ዱዓችንን አድርገን እንሳፈር፤ ግመላችንንም እንሰር። አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን። አሚን።