የአዳም ዘመንና የድንቅነሽ ዘመን

በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ሲደመርበት የዓለም ዕድሜ 7500ን ጥቂት አልፏል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል ይባላል። ብዙ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ሳያገናኝ ይኖራል። እኔ ፈጣሪ እንዳለ አምናለሁ፤ ለየብቻ አስቀምጬ ማለፍ ያቃተኝም ስለዚሁ ነው። ሁሉን የፈጠረ አንድ ከሆነ ምድሪቱም መጽሐፉም የእርሱ ናቸው፤ የተጣሉ መስለው ከታዩኝ ከሁለቱ አንዱን ያነበብኩበት መንገድ ተሳስቷል። የትኛውን? መመርመር ከእምነት መውጣት ነው የሚል ይኖራል። በዘርአ ያዕቆብ ስም የምናውቀው ሐተታ ግን ልቡና የፈጣሪ ስጦታ ነው በሚል መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ እኔም በተሰጠኝ ልጠቀም።

መጀመሪያ የተጠራጠርኩት የሳይንሱን ቁጥር ነው። አጥንት ዕድሜውን አይናገርም፤ የሚለካውም እሱ ሳይሆን ከተቀበረበት ደለል በላይና በታች የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም አንዱ ዓይነት ሳያቋርጥ ይፈርሳል፤ ግማሹ ለመፍረስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፣ ከሚፈርሰውም ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲወጣ የቀድሞው ጋዝ ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚፈጠረው ግን መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን መለካት ዘመኑን መቁጠር ነው። ነገር ግን ያኔ ማን ነበር? የመፍረሱ ፍጥነት ያኔም የዛሬው እንደነበር በምን ይታወቃል? ጥያቄው የዋዛ አይደለም፣ መልስ ይገባዋል። የቬሱቪየስ ተራራ እ.ኤ.አ. በ79 ፈንድቶ ፖምፔይን ሲቀብር ትንሹ ፕሊኒ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ከዚያው ፍንዳታ የወጣውን ድንጋይ በአርጎን ለክቶ 1925 ዓመት አገኘ፤ ትክክለኛው 1918 ነበር። ሰባት ዓመት ብቻ ሳተ። እርግጥ ሁለት ሺህ ዓመት ሚሊዮን አይደለም፣ ይህ ብቻውን አይበቃኝም። ሆኖም ስሌቱን ልከተለው፦ ላለፉት 1900 ዓመታት ፍጥነቱ የዛሬው ከነበረ፣ 3.2 ሚሊዮኑን 7500 ውስጥ ለማስገባት በቀሪው ዘመን ከ500 እጥፍ በላይ መፍጠን ነበረበት። ብቻውን ቢፈጥንም አይሆንም። በራሱ መንገድ ፈርሶ ተመሳሳይ ዘመን የሚቆጥረው ዩራኒየምም ከእሱ ጋር እኩል መዛባት ነበረበት። ሳይመካከሩ አንድ ቃል የሰጡ ምስክሮችን ሁሉንም ሐሰተኞች ናችሁ ማለት ለእኔ ከማመን ይልቅ ከባድ ሆነ።

ቁጥሩን ብቀበልም ዝግመተ ለውጥን ገና አልተቀበልኩም፤ ምድር ያረጀች ብትሆንም እያንዳንዱ ፍጡር እንዳለ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የማጭበርበር ክስም ይነሣል። እውነት ነው፣ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1912 ከእንግሊዝ አገር ከፒልትዳውን የወጣው ቅል የሰው ራስና የኦራንጉታን መንጋጋ ተገጣጥሞ የተሠራ ነበር፤ ለአርባ ዓመት ያህል ታምኖ ኖሮ በ1953 ተጋለጠ። ያጋለጡት ግን ራሳቸው ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ደግሞ የሐሰተኛው ቅል መልክ ነው። አጭበርባሪው የሠራው ሰው የጠበቀውን ነው፦ ትልቅ አንጎል ቀድሞ፣ ሌላው አካል ገና የእንስሳ። የሃዳር አጥንት ይህን ገለበጠው። የድንቅነሽ ዳሌና ጉልበት ቆሞ የሚሄድ ፍጡር ዓይነት ናቸው፣ የወገኖቿ ራስ ግን ከቺምፓንዚ ብዙ አይበልጥም። በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃኗ ሰላምም እግሯ ለመራመድ፣ ትከሻዋና ጣቶቿ ግን ዛፍ ለመውጣት የተበጁ ናቸው። ከዚያው ከአዋሽ ሸለቆ በዘመን ወደ ታች ብንወርድ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የቆየችው አርዲ የተባለች አጽም አለች፤ ብንወጣ 160 ሺህ ዓመት የሆነው፣ ከእኛ ብዙም የማይለይ የሄርቶ ቅል አለ። ከአርዲ ደለል ውስጥ የሄርቶን ዓይነት ቅል ያወጣ ሰው ቢገኝ ይህ ሁሉ አስተሳሰብ ይወድቃል። እንዲህ ለመውደቅ ራሱን ያጋለጠ ነገር ሲቆም አምነዋለሁ።

ፈጣሪ ገና ሲፈጥረው ያረጀ አስመስሎት ይሆናል የሚሉም አሉ። ይህን በማስረጃ ማፍረስ አይቻልም። እኔ የምፈራው ግን ክርክሩ ለማን እንደሚሟገት ነው። አርጎኑን ሳይጠራቀም ያጠራቀመ፣ ያልኖረች ሕፃን አጥንት ደለል ውስጥ የቀበረ ፈጣሪ ልቡናችንን ለማሳሳት የደከመ ይሆናል። ይህን ስለ እርሱ ከማሰብ ስለ ቁጥሬ መሳሳትን እመርጣለሁ።

ስለዚህ ወደ 5500ው ተመለስኩ፤ ያልጠበቅኩትን ያገኘሁትም እዚያ ነው። ቁጥሩ በሊቃውንቱ ዘንድ ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዓመት ሆነ። እንግዲህ ቀን የሚለው ቃል ሃያ አራት ሰዓት ብቻ አይደለም ያሉት የዳርዊን ተከታዮች ሳይሆኑ የእኛው መምህራን ናቸው ማለት ነው። ፀሐይ በአራተኛው ቀን ተፈጠረች ካልንም የፊተኞቹን ሦስት ቀኖች በየትኛው መውጫና መጥለቂያ እንለካቸዋለን? ለተስፋው ቀን የተፈቀደው ስፋት ለፍጥረቱ ቀን የሚከለከልበትን ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ከዝንጀሮ መጣን ማለት ሰውን ማዋረድ ነው የሚለው ቁጣ ብዙ አያቆመኝም። አንደኛ አባባሉ ስሕተት ነው፤ የሰሜን ተራሮች ጭላዳ የሩቅ ዘመድ እንጂ አያት አይደለም። ሁለተኛ የአዳም ሥጋ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከእሳትና ከነፋስ ነው ብለን ስናስተምር አፈር ለክብራችን አላነሰብንም። ሕይወት ያለው እንስሳ ከአፈር ያንሳል?

የሚያቆመኝ ሞት ነው። ሞት በአዳም በደል ከገባ፣ ከአዳም በፊት የሞቱት እነዚህ ሁሉ በምን ሞቱ? አዳም በበላህ ቀን ትሞታለህ ተብሎ 930 ዓመት ኖሯል፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ ሞተ ነፍስን ከሞተ ሥጋ ይለያሉ፣ በዚያች ቀን የገባው ከፈጣሪ መለየት ነው ይላሉ። ይህ ለሰው መልስ ይሆነኛል። የሦስት ዓመት ዕድሜ እንኳ በቅጡ ሳትሞላ ዲኪካ ላይ በጎርፍ ደለል ስለተሸፈነችው ሕፃን ግን፣ ሰው እንበላት ወይስ እንስሳ፣ ነፍሷስ የማን ነበረች ብዬ ስጠይቅ፣ አመዱም አንድምታውም ዝም ይሉኛል፤ እኔም ጥያቄዬን አልተውኩም።