ሐውልት የሌለው ጥንት

አንድ ሰው ከጥንታውያን የአውሮጳ ከተሞች ወደ አንዲቱ፣ ይልቁንም ወደ ሮማ ሄዶ፣ ከጧት እስከ ማታ ያለ ጉዳይ ሲዘዋወር ቢውል፣ ዓይኑ የሚያርፍበት ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም ስም፣ ዘመንና ባለቤት የተጻፈለት ስለ ሆነ፣ ጎብኚው ሳይጠይቅ ይነገረዋል፣ ሳይመረምርም ያምናል። ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ ያሠራው ፓንቴዎን፣ የአማልክት ሁሉ ቤት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ609 ለእመቤታችንና ለሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስለ ተባረከ፣ ዛሬ የሚገባበት ሰው ጣዖቱንና መስቀሉን በአንድ ጉልላት ሥር ያስባል። በጉልላቱ አናት ላይ 9 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ክፍት አለ፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ ውኃው በቀጥታ ወደ ወለሉ ይወርድና በእምነ በረዱ መካከል በተበሱት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ሠሪዎቹ ሰማዩን ላለመዝጋት ሲሉ ዝናቡን መቀበላቸው ከሮማ ሁሉ የሚበልጥብኝ ጥበብ ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ውሎ በልቡና ላይ አንድ ልማድ ጥሎ ያልፋል፤ ይኸውም ድንጋይ ያልተካበበት አገር ጥንት የለውም፣ መቅደስ ያልታነጸበትም ምድር እግዚአብሔርን አያውቅም የሚል፣ ማንም በአፉ የማይናገረው ብዙ ሰው ግን በልቡ የሚፈርድበት አስተያየት ነው። ቅድስናም ሆነ ታሪክ በእርግጥ በግዙፉ ነገር ያድራልን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከሮማ ይልቅ ጋምቤላ ትሻላለች።

ከጎሬና ከመቱ ደጋ ተነሥቶ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ወዳለው ወደ ባሮ ወንዝ ሜዳ፣ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገደኛ፣ ላቡን ጠርጎ ጥላ ሥር ዐረፍ ካለ በኋላ፣ «ለመሆኑ እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔንም ያዞረኝ አንድ የከተማው ወጣት ድልድዩንና የድሮውን ወደብ ቅሪት ካሳየኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ የሚታየው ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ወንዙ ነው» አለኝ፤ እንደ ማፈርም ብሎ ነበር። ወደቡ ታሪክ የለውም አልልም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ፤ ለንግድ እንጂ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል በውሉ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ገብቶ ባሮ በሞላ ቁጥር፣ ከካርቱም የተነሣው መርከብ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ወጥቶ ሸቀጡን ያራግፍና፣ ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በበቅሎና በሰው ጀርባ የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ቦታው ለባለቤቱ ተመለሰ። ነገር ግን ለእንግዳ የሚታየው የጥንት ምልክት የነጋዴ ወደብ ብቻ ሲሆን ነገሩ ያስገርማል፤ ከመርከቡ በፊት በዚያው ወንዝ ዳር ትውልድ ከትውልድ ሲተካ፣ ሲያመልክና ሲዳኝ ኖሯልና፣ ድንጋይ ባለመካቡ ብቻ ከጎብኚው መዝገብ ወጥቶ ቀረ።

ስለ ከተማ ጉብኝት ከተጻፈው ሁሉ የሚልቀው፣ በእኔ አስተያየት፣ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 17 ስለ ቅዱስ ጳውሎስ የአቴና ቆይታ የተተረከው ነው። ሐዋርያው ባልንጀሮቹን ሲላስንና ጢሞቴዎስን እየጠበቀ ሳለ በከተማይቱ ተዘዋወረ፤ ጣዖት የሞላባት መሆኗን ባየ ጊዜ ነፍሱ ብትታወክም፣ ዓይኑን ግን አልጨፈነም፤ ከመሠዊያዎቹም ሁሉ መካከል ስሙ ላልታወቀ አምላክ የቆመውን አንዱን ልብ አለው። ዛሬ ቢሆን አስጎብኚው ያን መሠዊያ ሳያሳየው ያልፍ እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ ምስልም ስምም የሌለበት መሠዊያ ማን ቆሞ ያየዋል? የተናገረበት አርዮስፋጎስ ከአክሮፖሊስ ሥር ያለ ኮረብታ ስለ ሆነ፣ ጳውሎስ ቀና ቢል፣ ያን ጊዜ 480 ዓመት ያህል የሆነው ፓርቴኖን ከነዓምዱ ይታየው ነበር፤ እርሱ ግን በዚያ ሁሉ ሕንጻ ፊት፣ ለኤፊቆሮስ ወገኖችና ለኢስጦኢኮች ፈላስፎች፣ የዓለም ፈጣሪ በሰው እጅ በታነጸ ቤት የማይወሰን መሆኑን አስተማረ፤ የትምህርቱንም መነሻ ያደረገው ያንኑ ስም የለሽ መሠዊያ ነው።

እኛ ደጋውያን ግን ይህን ለመማር አቴና ድረስ መሄድ አያሻንም ነበር። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በነበሩት ዘመናት ነገሥታቶቻችን አገር ሲገዙ የኖሩት፣ ሣሩና እንጨቱ ባለቀ ጊዜ ከሚነቀል የድንኳን ከተማ ሆነው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክርስቲያኑም በድንኳን ሆነው አይቶ ጽፎልናል። በሥርዓታችንም ቤተ ክርስቲያንን የሚያከብራት ግንቧ አይደለም፣ ታቦቱ ነው እንጂ፤ ታቦቱ በጥምቀት ዋዜማ ወደ ውኃ ዳር በወረደ ጊዜ፣ በሣር ላይ የተተከለው ድንኳን ለዚያች ሌሊት ምሉእ መቅደስ ነው። ንጉሥ ዳዊት እንኳ ለታቦተ ጽዮን ቤት ሊሠራ በተነሣ ጊዜ በነቢዩ በናታን አፍ የመጣለት መልስ፣ እግዚአብሔር እስከዚያ ድረስ በድንኳን ሲሄድ መኖሩንና የዝግባ ቤት ሥሩልኝ አለማለቱን የሚያስታውስ ነበር። ይህን ዓመት በዓመት የምናይ ሰዎች፣ በባሮ ዳር ሐውልት አጣን ብለን ሕዝቡን ታሪክ የለሽ ማለታችን የራሳችንን አባቶች መርሳት ነው።

በዚያው በባሮ ምድር የሚኖረው የኑዌር ሕዝብ ፈጣሪውን ኩዎት ብሎ ይጠራል፤ በሰማይ ነው ይላል፣ እንደ ነፋስም በሁሉ ስፍራ አለ ይላል። መሥዋዕት በሚቀርብበት ጊዜ በሬው በካስማ ይታሰራል፤ አመድ በጀርባው ላይ በእጅ ይታሻል፤ ሽማግሌው ጦሩን ይዞ በበሬው ፊት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፣ የበሽተኛውን ነገርና የጠቡን ሥር እየዘረዘረ፣ አንዳች ቂም ሳይደብቅ ለኩዎት ይናገራል፤ ነገሩን ሲጨርስ ይወጋዋል፤ ሥጋውም ተከፋፍሎ ይበላል። በማግሥቱ ጎብኚ ቢመጣ የሚያገኘው ካስማውን ነው። ጎረቤቱ የአኙዋ ሕዝብ ደግሞ ባሮን ኦፔኖ ይለዋል፤ መሳፍንቱ የተወለዱበትን ነገር ሲተርክም፣ ኦቹዶ የተባለው ከወንዝ ውስጥ ወጥቶ ስለ ዓሣ የሚጣሉ ልጆችን እንደ ዳኘ ይናገራል። የመስፍንነቱ ምልክት ከአንገት ወደ አንገት የሚተላለፍ ኦቹዋክ የተባለ የጨሌ ሐብል ነው፤ በሮማ ዙፋንና ዘውድ፣ ግንብና ቅስት ተሰልፈው የሚመሰክሩትን አንድ ክር ጨሌ ይመሰክረዋል። ዛሬ ከሁለቱም ሕዝብ ብዙው በመካነ ኢየሱስና በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሚጸልይ ምእመን ነው፤ ክርስትናውን ሲቀበል ግን እግዚአብሔር የሚባል መኖሩን መጀመሪያ የሰማ አልነበረም።

እዚህ ላይ፣ ድንጋይ ይህን ያህል ከንቱ ከሆነ የአክሱምን ሐውልት ለማስመለስ ያን ሁሉ ዘመን ስለ ምን ደከምን የሚል ተቃዋሚ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። 24 ሜትር የሚረዝመው ያ ሐውልት በፋሺስት ወረራ ጊዜ ወደ ሮማ ተወስዶ፣ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንጻ ፊት ቆመ፤ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የዘረፈችውን ልትመልስ ቃል ብትገባም፣ ሦስት ላይ ተከፍሎ በአውሮፕላን የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። ልብ ብንለው ግን ነገሩ የሚደግፈው የእኔን ወገን ነው። በሮማ አደባባይ ሳለ በአጠገቡ ለሚያልፈው ሁሉ ምርኮ ወይም ጌጥ ነበር፤ የነገሥታት መቃብር ምልክት መሆኑን ይዞ የቆየው፣ ድንጋዩ በእጁ ያልነበረው ሕዝብ ነው። እንደዚያ ባይሆንማ የሚጠይቀው ባላገኘ ነበር።

ሆኖም በቃልና በጨሌ የተያዘ ሀብት ሥጋት የለበትም ማለቴ አይደለም። ድንጋይ ባለቤቱ ሲሞት ይተርፋል፤ ቃል ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል፤ ጦርነት ከደቡብ ሱዳን አፈናቅሎ በጋምቤላ መጠለያዎች ያሰፈራቸው እጅግ ብዙ ሰዎች በሬውንም ካስማውንም ጥለው መጥተዋልና፣ የሥርዓቱ ነገር በማን አፍ እንደሚቀጥል መጨነቅ ይገባል። ቃልን ከዚህ ሥጋት የሚያተርፈው መጻፍ ነው፤ የራሳችን ግዕዝ እንኳ በማተሚያ መውጣት የጀመረው በሮማ ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በዚያ የነበሩት መነኮሳቶቻችን ሲያዜሙ ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ ከዚያም በቫቲካን በሚገኘው የሐበሾች ቤት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ የተቀመጠው የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን ራሱ እያረመ አወጣ። የኑዌርን ሃይማኖት በስፋት የጻፈው እንግሊዛዊው ኤቫንስ ፕሪቻርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ከአኙዋ ዘንድ ተቀምጦ ያጠና፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአኙዋ ተዋጊዎች ጋር ኢጣልያንን የወጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 በቤንጋዚ የካቶሊክን እምነት የተቀበለ ሰው ነውና ስለ ሌላው ሕዝብ አምልኮ በንቀት አልጻፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው መጽሐፉም የሽማግሌዎቹን ልመና በክብር ይዟል። መጽሐፉ የታተመው ግን በኦክስፎርድ፣ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዛሬ በጋምቤላ ትምህርት ቤት በኑዌርኛ ማንበብ የሚማረው ልጅ፣ አያቱ በሕይወት ካልቆዩለት፣ በበሬው ፊት ምን ይባል እንደ ነበር ከዚያ መጽሐፍ ለማወቅ አስቀድሞ የባዕድ ቋንቋ መማር አለበት።