የያዘውን በጊዜው ስለሚለቅ እጅ

ፍጥረትን ሁሉ በልክ ለሠራ፥ ለትልቁም ለትንሹም የየራሱን ተግባር ላደለ ለአላህ ምስጋና ይገባው። ሰላምና እዝነት በነቢዩ ሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ ወንድሞች ሆይ፥ አላህ ይዘንላችሁና እወቁ፤ በገበያ ውስጥ ለሚውል ሰው ዘወትር የሚነሣበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በእጄ ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ነውን?» የሚል ነው። ነጋዴው እህሉን በመጋዘን ቈልፎ ሲያድር፥ አደራ ተቀባዩ የመንገደኛውን ገንዘብ በሣጥኑ ሲያኖር፥ አጎት የየቲሙን ወንድሙን ልጅ ንብረት ሲጠብቅ፥ ይህ ጥያቄ በልቡ ይመላለሳል። አንዳንዱ ይመልሰዋል፤ አንዳንዱም እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል። እኛ ዛሬ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ በገዛ ደማችን ውስጥ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ የሚመላለሰውን ተሸካሚ እንመልከት።

ሕዋስ ማለት የሕያው አካል እጅግ ትንሿ ቤት ናት። በደም ውስጥ ከሚዘዋወሩት ቀይ ሕዋሳት በእያንዳንዷ 270 ሚሊዮን ያህል ሄሞግሎቢን የሚባሉ ሞለኪውሎች ታጭቀው ይገኛሉ። ሄሞግሎቢን ከፕሮቲን ወገን ነው፤ ፕሮቲንም እንደ ተስቢሕ ዶቃዎች ተራ በተራ በተሰኩ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው። የአዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን አራት ሰንሰለቶች አሉት፤ ሁለቱ ሰንሰለቶች እያንዳንዳቸው 141፥ ሁለቱም እያንዳንዳቸው 146 ዶቃዎች ይዘዋል፤ ድምሩ 574 ይሆናል። ሰንሰለቶቹ ተጣጥፈው ተጠቅልለዋል፤ በእያንዳንዱም እጥፋት ውስጥ አንዲት የብረት አቶም ተቀምጣለች። ኦክስጅን የተባለውን የሕይወት አየር የምትይዘው ይህች ብረት ናት። ስለዚህ አንዱ ሄሞግሎቢን አራት እጆች እንዳሉት ተሸካሚ፥ በአንድ ጊዜ አራት የኦክስጅን ሞለኪውሎችን ይሸከማል።

ይህን ቅርጽ ለመረዳት በቪየና ከተማ የተወለደው ማክስ ፔሩትዝ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ደከመ። ቅርጹ የተገለጠለት ከሃያ ዓመት ድካም በኋላ በ1959 ነው፤ በ1962ም ከባልደረባው ከጆን ኬንድሩ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። አንድ ሰው የዕድሜውን ብዙ ክፍል የሰጠበትን ነገር እኛ ለጥቂት ጊዜ ቆም ብለን ልናስተውለው ይገባናል።

የተሸካሚው ሥራ እንዲህ ነው። ደም ወደ ሳንባ ሲደርስ ሄሞግሎቢን ከአየሩ ኦክስጅንን ይቀበላል። አንዲቱ እጅ በያዘች ጊዜ የሞለኪውሉ ቅርጽ ጥቂት ይለወጥና የቀሩት እጆች መያዝ ይቀልላቸዋል። ጭኖም ወደ ጡንቻ፥ ወደ አንጎል፥ ወደ ኵላሊት ይሄዳል። በዚያም ኦክስጅን ያነሰበትን ስፍራ ሲያገኝ ይለቅቃል። ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ከሸክሙ ሩብ ያህሉን ብቻ አራግፎ ይመለሳል፤ ሲሮጥና ሲደክም ግን ለሚሠራው ጡንቻ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይሰጣል። የዴንማርክ ሊቅ ክርስቲያን ቦርና ባልደረቦቹ በ1904 እንዳሳዩት፥ ሕዋሳት ሲሠሩ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ የሄሞግሎቢንን ጭብጥ ያላላዋል። እንግዲህ ብዙ የደከመው ብዙ ይቀበላል፤ የድካሙ ምልክትም እጅን የሚያስፈታ ልመና ይሆንለታል።

ከዚህም የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው። ሌሎች ሕዋሳት ምግባቸውን በኦክስጅን አቃጥለው ኀይል የሚያገኙባቸው ክፍሎች አሏቸው፤ ቀይ ሕዋስ ግን ሙሉ ሆና ወደ ሥራዋ ስትሰማራ እነዚህ ክፍሎች የሏትም። ለራሷ የሚበቃትን ጥቂት ኀይል ያለ ኦክስጅን ከስኳር ታገኛለች። እንዲህ ሆና 120 ቀን ያህል ትኖራለች፤ የዓለምን ያህል ሸክም ስታመላልስ ከሸክሟ አንዲት ቅንጣት ለራሷ አትበላም። አደራ ተሸካሚ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ምናልባት አንድ ጠያቂ «የተሸካሚ ክብሩ በጭብጡ ጥንካሬ አይደለምን? ይበልጥ አጥብቆ ቢይዝ አይሻልምን?» ቢል፥ መልሱን ከከሰል ጢስ ይማር። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ መልክ የለውም፥ ሽታም የለውም። ይህም መርዝ የሄሞግሎቢንን ብረት ኦክስጅን ከሚይዛት ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይይዛታል። ክፋቱ ግን ስፍራ በመያዝ ብቻ አያበቃም፤ አንዲቱ እጅ በመርዙ ስትያዝ የቀሩት እጆች የያዙትን ኦክስጅን ለመልቀቅ እንቢ ይላሉ። ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ያየው ሁሉ ጤነኛ ነው ይላል፤ አንጎልና ልብ ግን በመካከሉ በረኃብ ይሞታሉ። ስለዚህ የቤተሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ከሰል እየነደደ በር ዘግታችሁ አትተኙ፤ በዚህ የታመመ ሰው ብታገኙም ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፥ ፈጥናችሁም ለሐኪም አድርሱት።

ይህን ነገር አስተውሉ። የሚገድለው የጭነት ማነስ ብቻ አይደለም፤ የማይለቅ እጅም ይገድላል። በገበያም እንዲሁ ነው። ሊቃውንት ኢሕቲካር የሚሉት፥ ሰዎች የሚያስፈልጋቸውን እህል ሰብስቦ ዋጋው እስኪወደድ መደበቅ፥ ከዚህ የሚለይ አይደለም። ከተማው ሲታይ ሙሉ ነው፤ መጋዘኑ እስከ ጣራው ተከምሯል፤ መዝገቡም ደማቅ ነው፤ ዳሩ ግን በጓዳው የምትቀመጥ እናት የምታበስለው የላትም። አንዱ ነጋዴ ሲደብቅ ጎረቤቱም ፈርቶ ይደብቃል፤ አንዲት የተመረዘች እጅ የቀሩትን እንደምታጨብጥ፥ የአንዱ ንፍገት ለገበያው ሁሉ ይተርፋል።

ሌላም ጠያቂ «እንግዲያውስ ማስቀመጥ ሁሉ ኀጢአት ነውን? ለልጆቼ ክፉ ቀን ላላስብ ነውን?» ቢል፥ አይደለም እንለዋለን። በጡንቻ ውስጥ ማዮግሎቢን የሚባል የሄሞግሎቢን ዘመድ አለ፤ አንድ ሰንሰለትና አንዲት ብረት ብቻ ያለው ነው። እርሱ አጥብቆ ይይዛል፤ የሚለቀውም ጡንቻው ኦክስጅን እጅግ ባነሰው ጊዜ ነው። ወደ ጥልቅ ባሕር የሚጠልቅ ዓሣ ነባሪ በጡንቻው ውስጥ ብዙ ማዮግሎቢን ስላለው ረጅም ጊዜ ሳይተነፍስ ይቆያል። ደግሞም በማሕፀን ያለ ፅንስ የራሱ ሄሞግሎቢን አለው፤ ይህም ከእናቱ ሄሞግሎቢን ይልቅ ኦክስጅንን አጥብቆ ስለሚይዝ ደካማው ፅንስ ከእናቱ ደም ድርሻውን ይቀበላል። ከተወለደ በኋላም በወራት ውስጥ ያ ጽኑ ጭብጥ በአዋቂው ጭብጥ ይተካል። እንግዲህ መያዝ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ለማን እንደተያዘና መቼ እንደሚለቀቅ ይጠየቅበታል እንጂ። ለችግር ቀን ማኖርና ለደካማ መጠበቅ ከመልካም ሥራ ይቈጠራል፤ ችግሩ መጥቶ ደጅ ሲመታ አለመክፈት ግን ያኖረውን ሰው ወደ ደባቂነት ይለውጠዋል።

ሦስተኛው ጠያቂ ከሁለቱ ይበረታል፤ እንዲህም ይላል፤ «ሄሞግሎቢን ልብ የለው፥ ሐሳብ የለው፤ የሚለቀው በቅርጹ ተገድዶ ነው። ታዲያ ለሰው እንዴት መምህር ይሆናል?» እውነት ተናግሯል። ብረትና ሰንሰለት አይመሰገኑም፥ አይወቀሱምም። ከእነርሱ ትእዛዝ አንቀበልም፤ ማድረግ የሚገባንን የምናውቀው ከሌላ ስፍራ ነው። ነገር ግን ልዩነቱን በሚገባ መዝኑት። ተሸካሚው ያለ ምርጫ በመልቀቁ ሥጋችን ይኖራል፤ ለእኛ ምርጫ ተሰጥቶናል፤ ምርጫም የተሰጠው ሰው አደራውን ሲበላ «ቅርጼ አስገደደኝ» ብሎ ማመካኘት አይችልም። ሄሞግሎቢን ሊያገኘው የማይችለው ክብር፥ ይኸውም ማስቀረት እየቻለ የሚሰጥ ሰው ክብር፥ ለእኛ ቀርቦልናል፤ የማይደርስበትም ውርደት እንዲሁ በፊታችን አለ።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ሱቅህን ዘግተህ ስትቀመጥ መዝገብህን ክፈት። በእጅህ ካለው ውስጥ የመንገደኛው አደራ ስንት ነው? የየቲሙስ? ወዙ ሳይደርቅ ሊከፈለው የሚገባው ሠራተኛ ደመወዙን ተቀብሏልን? በንግድ ዕቃህ ላይ የጨረቃ ዓመት ሲሞላ ከአርባ አንዱ የድኾች ድርሻ ነው፤ እርሱንስ ለይተሃልን? ይህን ሁሉ የራስህ ነው ብለህ ቈጥረኸው ከሆነ፥ ሒሳብህ ተሳስቷልና እንደገና ደምር። እህትም ሆይ፥ በጓዳሽ የተረፈውና የጎረቤትሽ ልጅ የሚፈልገው አንድ ነገር ቢሆን፥ በመካከላችሁ ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ መሆኑን አስቢ።

እኛ ይህን ስናነብ ቀያዮቹ ሕዋሳት በደም ሥራችን ሲያልፉ ነበር። የያዙትን ለሚሻው ሰጡ፥ ባዶ እጃቸውን ሊሞሉም ተመለሱ፤ በመስጠታቸውም እኛ በሕይወት ቆየን። አላህ ለተቀበልነው አደራ ጠባቂዎች፥ በሰዓቱም ለባለቤቱ የምንመልስ ያድርገን። እጃችንን ከስስት፥ ቤታችንን ከሐራም ገንዘብ ይጠብቅልን። አሚን።